ድንኳኑ ሐዋሳ አይመጣም

ጡረታ የወጣሁት ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው። መሥሪያ ቤቱ ኬክ አስቆረሰኝ፣ ጋቢ አለበሰኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ለጡረተኛ ሰዓት ምን እንደሚያደርግለት እስካሁን አልገባኝም። ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን ዘለለ። በድሮው ብር ጡረተኛ ሆኜ የኖርኩት 22 ቀን ብቻ ነው ማለት ነው።

እኔና ባለቤቴ ከአዲስ አበባ እንውጣ ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ኑሮው አለ፣ ጫጫታው አለ፣ ቁፋሮው አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረጃው አለ። ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። 84 ደረጃ። ጉልበቴ ነው የቆጠረው። እና መውጣቱ ላይ አልተጣላንም። የተጣላነው የት እንሂድ በሚለው ላይ ነው። እሷ ባሕር ዳር ትላለች፣ እኔ ሐዋሳ እላለሁ። ሁለቱም ሐይቅ ዳር ናቸው፣ ሁለቱም ዘንባባ አላቸው፣ ሁለቱም ዓሣ ይበላባቸዋል፣ ሁለቱም በባጃጅ ይዞራሉ። ከሩቅ ለሚያየን ምን ያጣላቸዋል ያስብላል።

እሷ ተወልዳ ያደገችው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እህቷ፣ የአክስት ልጆቿ፣ የንስሐ አባቷ ሁሉ እዚያ ናቸው። እኔ ደግሞ ሥራ ስጀምር የተመደብኩት ሐዋሳ ነበር፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንለው። ጥቂት ዓመት ኖርኩበት። ወንደላጤ ነበርኩ፣ ብስክሌት ነበረኝ፣ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እቀመጥ ነበር። ይህን ስነግራት ባለቤቴ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንተ ሰውዬ፣ የናፈቀህ አዋሳ ነው ወይስ ብስክሌቱ?» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር። 33 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበርኩ ይህን መዝለል አልችልም፤ እናንተ ግን ብትዘሉት አልቀየምም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ እንዲህ ነው የሚሰላው። 10 ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይያዝለታል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእኔ 23 ትርፍ ዓመት በ1.25 ሲባዛ 28.75፣ ከ30 ጋር ሲደመር 58.75። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ ሰው 5,875 ብር ይዞ ይወጣል ማለት ነው። 70 በመቶ ለማግኘት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ 60 የሞላው ሰው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ ያወቅኩት አንድ ብቻ ነው፤ መዝገብ ቤታችን ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አባት። ጡረታ በወጡ በዓመቱ አረፉ።

በጡረታው ብቻ የትም መኖር እንደማይቻል ይህ ስሌት ይነግራችኋል። ስለዚህ ዕቅዳችን ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ፣ በኪራዩ ክፍለ ሀገር ቤት ተከራይቶ፣ በልዩነቱ መኖር ነው። ብልህ ዕቅድ ይመስላል። ግን በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለ። በእሱ መሠረት የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ለተከራዩ ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም ተከራይ ሆኜ ስለኖርኩ አልቃወመውም። ለእኛ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ቤታችንን ካከራየን በኋላ «አልተመቸንም፣ ተመለስን» ማለት የለም። አንዴ ከወጣን ለሁለት ዓመት ወጣን። ስለዚህ ከማከራየታችን በፊት ሁለቱንም ከተማ ወር ወር ኖረንበት እንይ ተባባልን። በሕይወታችን ካደረግናቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እህቷ ጋ ለሠርግ ሄዶ ሦስት ቀን ማደርና ወር ሙሉ ሽንኩርት እየገዙ መኖር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

(ውጭ ያለው ልጃችን በስልክ «ቢሾፍቱ ለምን አትሄዱም? ቅርብ ነው፣ እዚያም ሐይቅ አለ» ብሎ ነበር። አንድ ደላላ አነጋገርኩ። እሱ ገና ስለ አዲሱ አየር ማረፊያ ማውራት ሲጀምር ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝና አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።)

እኔ ሰንጠረዥ ሠራሁ። አየር ንብረት፣ ኪራይ፣ ሕክምና፣ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፤ ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ። ባለቤቴ አየችውና ሳቀች። «የእኔን እህት በየትኛው መስመር አስገባሃት?» አለችኝ። «ማኅበራዊ ጉዳዮች» የሚል መስመር ጨመርኩ። የባሰ ሳቀች።

ሐዋሳ የገባነው ኅዳር 25 ቀን 2017 ነው። መንገዱ ከእኔ ዘመን ጋር አይገናኝም። ያኔ ቀኑን ሙሉ ነበር የሚፈጀው። አሁን በአዳማው ፈጣን መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ድረስ ሌላ የክፍያ መንገድ አለ። እኛ ስንሄድ ከባቱ በኋላ የድሮው መንገድ ነበር፤ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ አህያ፣ ፍየል፣ ባጃጅ። በጠቅላላው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጃችን በራሷ መኪና አደረሰችን፣ ምሳ በልታ፣ ማታ አዲስ አበባ ቤቷ ገባች። ይህን ያኔ እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሰንጠረዤ ላይ «መንገድ፦ 9» ብዬ ጽፌ አለፍኩ።

አቶቴ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። ደረጃ የለም! የመጀመሪያው ሳምንት ለጉልበቴ ሠርግ ነበር። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ጠዋት ሰው በእግሩ ይሄዳል። ብዙ ነገር ተለውጧል። እኔ የማውቀው ሜዳ ሕንፃ ሆኗል፣ ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቷል፣ ከ2012 ወዲህ ደግሞ ከተማዋ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ገበያ ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ፣ ጎረቤት ጋር በአማርኛ አልተቸገርንም፤ ግን በዚህ ዕድሜ ጥቂት ሲዳምኛ መማር እንዳለብኝ ገብቶኛል። አከራያችን ሴትዮ ቡርሳሜ ሠርተው አስቀመሱን። ከቆጮ የሚሠራ፣ ቅቤ የጠጣ ነገር ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ባለቤቴ ጾም ስለነበረች ሽታውን ብቻ ቀመሰች።

ጾሙ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። የነቢያት ጾም ውስጥ ነው የሄድነው። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣው እዚያው ይበለታል። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ የፈለጋችሁት። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ አሞሮች ሽማግሌ መስለው እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳደረገ ሰው ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ዓሣ በጾም ይበላል ባይ ነኝ፤ እሷ አይበላም ባይ ናት። 31 ዓመት ተጋብተን ይህን ክርክር አልጨረስነውም። አሞራ ገደል ላይ ቆመን ደግመን ጀመርነው። ጥብስ እየበላሁ ነበር የምከራከረው፤ በዚያ አኳኋን ደግሞ ክርክር አይረታም።

አንድ ቀን ማታ መብራት ሄደ። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በአዲስ አበባም መብራት ይጠፋል፤ ግን ጎረቤት አለ፣ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ አለ፣ ልጅ አለች። እዚህ ማንን እንጥራ? አከራያችን ሰምተው የውሃ እንስራ አመጡልንና መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልለን እንስራው አጠገብ አስቀመጥነው። በማግሥቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሁለት ሰዓት ተኩል ወረፋ ጠበቅን፣ ከዚያ ሐኪሙ ምሳ ወጥቷል ተባለ። ስም አልጠራም፤ አዲስ አበባም እንደዚሁ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ግን ከተማው ውስጥ መኖሩ አጽናንቶናል። ባሕር ዳርም ቢሆን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ። ስለዚህ በሕክምናው አልተበላለጡም፤ ሁለቱንም 6 ሰጠኋቸው።

ወባው ነው ያስፈራኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ወባ አናውቅም። ሐዋሳ 1,700 አካባቢ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ። ሁለቱም የወባ አገር ናቸው። በዚያ ዓመት ደግሞ በሽታው ብሶ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ተይዟል። አጎበር ገዛን። ባለቤቴ የአጎበሩን ጠርዝ ፍራሹ ሥር ስትወትፍ «ልክ እንደ እናቴ ቤት» አለች። ያን ቀን ለባሕር ዳር አንድ ነጥብ እንደተመዘገበ ይገባችኋል።

ውሃውም አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ እዚያ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። የእኔ ጥርስ ግማሹ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ብዙም አላስጨነቀኝም። ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በፈንታሌ በኩል የመሬቱ መንቀጥቀጥ ሲብስ፣ አዲስ አበባ ያሉት ወዳጆቻችን «አልጋው ተወዛወዘ» እያሉ ሲደውሉ፣ እኛ ስምጥ ሸለቆ መሃል ተቀምጠን «እኛ ጋ ደህና ነው» እንላቸው ነበር። ባለቤቴ ግን ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ውሃ ታይ ነበር። እንዳላያት መብራት እስካጠፋ እየጠበቀች።

ሐዋሳን አጥላላኋት እንዳትሉ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት ከተማዋ ነጭ ለብሳ ስታዩዋት፣ ከየአገሩ የመጣው ምዕመን መንገዱን ሞልቶ፣ ባለቤቴ እንኳ «ይህን አልጠበቅኩም» ብላለች። ማታ ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ተቀመጥን። ሐይቁ ትንሽ ነው፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ። ጣና 3,000 ያህል ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አንብቤ ስለነበር ነገርኳት። የሐዋሳ ጥልቀት 22 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ጣና ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። ትንሿ ትጠልቃለች! እሷም ወዲያው «የእኔ ሐይቅ ዓባይ ይወጣለታል። የአንተው መውጫ የለውም» አለች። እውነቷን ነው፤ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ባሕር ዳር የሄድነው ጥር 15 ነው። በአውሮፕላን። እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ሁሉም ያውቃል። በጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ የሚሄደውን መንገድ እኔ ከ30 ጊዜ በላይ ሄጄበታለሁ። ደጀን ላይ ቁርስ፣ ቡሬ ላይ ምሳ። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሁን ሲከፈት ይሄዳሉ፣ ሲዘጋ ይቆማሉ፣ የሚሄዱትም እየጸለዩ ነው። እኛ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረስን፤ ለሁለታችን የደርሶ መልስ ትኬት የከፈልነው ግን ከወር ጡረታዬ በለጠ። የአገልግሎት ዘመኔን በሙሉ የለፋሁበት ገንዘብ ሰማይ ላይ በአንድ ሰዓት አለቀ።

ሲደርሱ ደግሞ ባሕር ዳር ባሕር ዳር ናት። ምን ልበላችሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው ዘንባባ፣ ሽታው፣ ሐይቁን የነካ ነፋስ። ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አየሁት፤ 380 ሜትር፤ በድሮው ድልድይ ላይ ቆሜ ፎቶ የተነሳሁት ሰው አዲሱ ላይ ቆሜ ደግሜ ተነሳሁ። ባለቤቴ ግን ድልድዩን አላየችም። መኪናው ሽምብጥ ሲደርስ ንግግሯ ተለወጠ። 31 ዓመት አብሬያት ስኖር ሰምቼው የማላውቀው ቃል ከአፏ ይወጣል። ትከሻዋ ወረደ። እንዲህ ስትሆን መጨረሻ ያየኋት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

የእህቷ ቤት አረፍን። ታናሿ ናት፣ እኔን «ጋሼ» ነው የምትለኝ። «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ፤ ጋሼ፣ ምነው ምግቡ አልተስማማዎትም?» ክብደቴ በወር ውስጥ አራት ኪሎ ጨመረ። በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሄድን። ዘጌ ላይ በቡናው ዛፍ ሥር ተራመድን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፣ ሥዕሎቹን አየን። ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አይገባም። እኔ ገብቼ ስወጣ ባለቤቴ ጀልባው ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «አገሩ የእኔ፣ ሐይቁ የእኔ፣ የገባኸው አንተ» አለች። ወደ ኋላ ስንመለስ እንጨት የጫነ ታንኳ አለፈን። እምቦጩ በአንዳንድ ቦታ ይታያል። ከ2004 ጀምሮ ጣናን የያዘው ይህ አረም፣ ሰው በእጁ ሲነቅለው ኖሮ እስካሁን አላለቀም። ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር መስክ ነው፤ ጀልባ ነጂው ግን ሲያየው ይረግመዋል።

ማታ ከተማው በጊዜ ጸጥ ይላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚታይ ባጃጅ ብርቅ ነበር። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ስኳሯ ወረደ። ላብ በላብ ሆነች። ማርና ጭማቂ አጠጣናት፣ ተመለሰች። ካልተመለሰች ግን በዚያ ሰዓት በምን እንወስዳታለን የሚለውን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። እህቷ በሩን ከፈተች፣ ወደ ውጭ አየች፣ ዘጋች። እኔ ያን የበር ድምፅ አልረሳውም። ሐዋሳም አደጋ የለም እያልኩ አይደለም፤ በ2010 እና በ2011 እዚያ የነበረውን ግጭት እናስታውሳለን። የትኛውም ከተማ «ለዘለዓለም ሰላም» የሚል ማረጋገጫ አይሰጥም። እኔ ግን የምወስነው ለዘለዓለም ሳይሆን ለሁለት ዓመት ነው፤ የኪራይ ውሉ ሁለት ዓመት ነው።

በዚያው ወር ከጎረቤት አንድ አዛውንት አረፉ። ሙሉ ቀን የሆነውን ተመለከትኩ። ባለቤቴ ማንም ሳይነግራት ተነሳች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ገባች። ማን ማንን እንደሚያጽናና፣ ማን ጎመን እንደሚከትፍ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ያለቀሰችው ደግሞ የእውነት ነው፤ ሰውየው በልጅነቷ የዘይቱን ፍሬ ይሰጧት ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ሰው ቢሞት እኛ በሩ ላይ ቆመን «ነፍስ ይማር» ብለን የምንመለስ እንግዶች ነን። እኛ ብንሞትስ? ያን ማታ ሰንጠረዤን አወጣሁና ለባሕር ዳር «ማኅበራዊ ጉዳዮች» ላይ 10 ሰጠሁ። ተሸነፍኩ። ለራሴ ነገርኩት፣ ለእሷ ግን ገና አልነገርኳትም።

አዲስ አበባ ተመለስንና ያየነውን ሁሉ ለልጃችን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ቢሮ ትሠራለች። ስንጨርስ ግን እናቷን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት። «እማዬ፣ ሌሊት ስኳርሽ ቢወርድ እኔ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ?» ባለቤቴ ጣቷን ቆጠረች። ሐዋሳ ከሆነ አራት፣ አምስት ሰዓት። ባሕር ዳር ከሆነ አውሮፕላን በማግሥቱ፣ ወንበር ከተገኘ፣ ብር ካለ። «እኔኮ እህቴ አለች» አለች ባለቤቴ። «አክስቴ አለች፤ እኔ ግን የለሁም» አለች ልጅቱ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተሰማው ያ የሸለሙኝ የግድግዳ ሰዓት ነው።

ውሳኔውን የሰጠችው ባለቤቴ ናት። እኔ አላሳመንኳትም፤ እንዲያውም የተሸነፍኩ መሆኔን ልነግራት አፌን ስከፍት ነው «ሐዋሳ ይሁን» ያለችው። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። አንደኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ትሄዳለች፣ ትኬቱ ከእኔ ጡረታ ላይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ መንገዱ እንደ ድሮው ከሆነ፣ ደጀን ላይ ቁርስ ቡሬ ላይ ምሳ መብላት ከተቻለ፣ ውላችን ሲያልቅ እንደገና እንነጋገራለን። ተስማማሁ። ደስ አለኝ ማለት ግን አልችልም። የፈለግኩትን አገኘሁ፣ ያገኘሁት ግን እሷ ስትተወው ነው።

ከዚያ የእድር ጉዳይ መጣ። ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ እንኳ የድሮውን ሰፈር እድር አልተውነውም፤ 27 ዓመት ከፍለንበታል። ሄጄ ለዳኛው ክፍለ ሀገር ልንገባ ነው አልኳቸው። ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና እንዲህ አሉኝ። «ወርሃዊህን በቴሌብር ላክ። አንድ ነገር ቢፈጠር ገንዘቡ ይደርሳችኋል። አስከሬኑን ካመጣችሁልን እንደ ሥርዓታችን እንቀብራለን። ድንኳኑ ግን ሐዋሳ አይመጣም። ወንበሩም አይመጣም። ሰዉም አይመጣም።» ሰውየው ያሉት ትክክል ነው። ግን የራስን አስከሬን የማጓጓዝ ዝርዝር ቁጭ ብሎ በስክሪብቶ መጻፍ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። «ቀሪስ?» አልኳቸው። እድራችን ቀብር ላይ ያልተገኘ አባልን ይቀጣል። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ቀሪማ ቀሪ ነው። ሐዋሳም ብትሆን አለመገኘት አለመገኘት ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ሐዋሳም እድር መግባት ነበረብን። አቶቴ ያለው እድር መጀመሪያ በጥርጣሬ አየን። አዲስ ገቢ፣ 60 ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ስኳር ያለባት ሚስት፤ እኔም ገንዘብ ያዥ ብሆን ኖሮ እጠራጠር ነበር፤ ሒሳቡ አያዋጣም። ሦስት ዋስ አምጡ አሉን። አከራያችን ሴትዮ አንዷ ሆኑ። ሁለተኛው በዚያ በገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተዋውቄው የነበረ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሦስተኛውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ሁልጊዜ «አባባ፣ ገበያ ነው?» እያለ የሚያደርሰን ልጅ፣ አባቱን ለመነልኝ። መግቢያውን ከፈልን፣ ያለፈውን ዓመት ውዝፍ ከፈልን፣ ስማችን ተጻፈ። የሚገርመው፣ ተከራይ ሆኜ የገባሁበት ቀን ሳይሆን ያ ስም የተጻፈበት ቀን ነው የሐዋሳ ሰው የሆንኩ የመሰለኝ። ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ነው ዕቃዋን ከካርቶን ያወጣችው። ጀበናዋ እስከዚያ ድረስ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ነበር።

አሁን ሐዋሳ ከገባን ሦስት ወር ሆኖናል። አጎበራችን ተዘርግቷል፣ ትንሽ በባትሪ የምትሠራ ማቀዝቀዣ ለኢንሱሊኑ ገዝተናል፣ ልጃችን ሁለት ጊዜ መጥታ አንድ ጊዜ አድራ ሄዳለች። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ከእህቷ ጋር በስልክ አንድ ሰዓት ታወራለች፤ ያን ሰዓት እኔ ወጥቼ በእግሬ እዞራለሁ። ብስክሌት ልግዛ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ያየችኝ አስተያየት በቂ መልስ ነበር። ትናንት ማታ ደግሞ የአዲስ አበባው እድር ገንዘብ ያዥ መልእክት ላከልኝ። በወሩ ሁለት ቀብር ነበር፣ አልተገኘሁም፣ የሁለት ቀሪ መቀጫ አለብኝ። ባለቤቴ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና አነበበችው። «የእኔ ደግሞ ለብቻ ነው የሚታሰበው?» አለች። ላክሁለት። የሁለታችንንም።